ዓይኔን ያሳረፍኩበት ክረምት

ሐኪም ሲጠይቃችሁ አትዋሹ። እኔ ዋሽቼ ምን እንደደረሰብኝ ልንገራችሁ ብዬ ነው ደብተር ገዝቼ የተቀመጥኩት። ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ነገሩን ብደጋግመው ይቅር በሉኝ። ልጄ ረድኤት ከደብተሩ እየቀዳች ትተይበዋለች። «እንዳለ ነው የምጽፈው፣ አላሳምርልሽም» ብላኛለች። እኔም አሳምሪልኝ አላልኳትም።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው፣ ወደ ቀጨኔ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ። ባለቤቴ ደምሴ ሸማኔ ነው። እሱ ነጠላውን ሠርቶ ሲያወርደው ጫፉ ላይ ክሩ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ያንን ክር ትንሽ ትንሽ እየቆነጠሩ፣ እየፈተሉ መቋጨት የኔ ሥራ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ስቋጭ ኖሬአለሁ። እጄ ሥራውን ከማወቁ የተነሣ አላየውም። ከጎረቤት እያወራሁ፣ ልጅ እየተቆጣሁ እቋጫለሁ፤ አንድ ክር አያመልጠኝም።

መዘዙ የመጣው ከዚሁ ነው። እጄ ሲሠራ ዓይኔ ሥራ ፈት ሆነ፤ ሥራ የፈታውን ዓይኔን ለስልክ ሰጠሁት።

ስልኩን የገዛነው ለሥራ ነበር። ረድኤት ቻናል ከፈተችልን፤ ነጠላውን ፎቶ አንስታ ትለጥፋለች፣ ሰው ያዛል። ቆይታ ደግሞ ላይቭ የሚባለውን አስተማረችኝ። ማታ ማታ ነጠላ ለብሼ ስልኩ ፊት እቀመጣለሁ። «ጥለቱን አዙሪልን»፣ «እስቲ ወደ መብራቱ ጠጋ በይ» ይሉኛል። የማላውቀው ሰው ሁሉ «እናታችን» እያለ ሲጽፍልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ላይቩ ሲያልቅ ደግሞ ድራማ አለ። ስልኩን በስኳር ጣሳ አስደግፌ፣ ነጠላውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እየቋጨሁ አያለሁ። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምራል፤ ማን ተነሥቶ ያጠፋዋል። ቀኑንም እንደዛው። ጠዋት ስነቃ ገና ሳላማትብ እጄ ስልኩን ይፈልጋል። ይኼንን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም።

ሕመሙ የጀመረኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከቅንድቤ በላይ ይወቅረኝ ነበር። ቀጥሎ አንገቴ እንደ እንጨት ደረቀ። ከዚያ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ይመስል መቆርቆር ጀመረ፤ ጠዋት ሽፋኑ ተጣብቆ በውኃ ነው የምከፍተው። በመጨረሻ ብዥታው መጣ። ጎረቤቴን እትዬ ብርቄን መንገድ ላይ ፊት ለፊት አግኝቻት ሰላም ሳልላት አለፍኩ። ማታ ቤቴ ድረስ መጥታ «ምን አድርጌሽ ነው?» አለችኝ። አላየሁሽም ማለት ፈርቼ «ሐሳብ ይዞኝ ነው» አልኳት።

ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ። እናቴ ጥጥ ፈታይ ነበረች። በአርባ ስምንት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ። ድንገት አይደለም፤ ከዳር ከዳሩ እየተበላ ነው የሄደው። መጀመሪያ ከጎኗ የቆመ ሰው አይታያትም ነበር፣ ቀጥሎ የበሩ ደፍ፣ ቀጥሎ እኔ። ያኔ ሐኪም ማን ያሳያል፤ «ሞራ ነው፣ ይብሰል» ተባለና ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በጨለማ ፈትላለች። እኔ አሁን አርባ አራት ዓመቴ ነው። ብዥ ባለብኝ ቁጥር አራት ዓመት ቀረኝ እላለሁ በሆዴ። ለማንም አልተናገርኩም።

መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈር ካለ ክሊኒክ ነው። ራሴን ያመኛል፣ ድካም አለኝ አልኩ፤ ስለ ዓይኔ አላነሣሁም። ደም ወሰዱና «ታይፎይድና ታይፈስ አለብዎት» አሉኝ። እኛ ሰፈር ታይፎይድ ያልተባለ ሰው የለም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ሆዴን አመሰው እንጂ ራሴን አልነካውም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ «ሳይነስ ነው፣ ብርድ አይንካሽ» አሉኝ። በግንቦት ሙቀት ራሴን በጋቢ ጠቅልዬ ስዞር ከረምኩ። ፋርማሲ ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ ደም ግፊቴን ለክቶ «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀንሺ» አለኝ። ያንንም ቀነስኩ። ደምሴ ወጡን እየቀመሰ «የታመምሽው አንቺ፣ አልጫ የምንበላው ሁላችን» ይል ነበር።

እትዬ ብርቄ በዚህ ሁሉ ሳቀች። «የምን ታይፎይድ ነው የኔ እናት። የሰው ዓይን ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ማታ ማታ እያየሽ እንዴት ጤና ትሆኛለሽ?»

«በስልክ ዓይን ይይዛል እንዴ እትዬ?»

«ድምፅ ካለፈ ዓይንን ምን ያግደዋል» አለችኝ።

አመንኳት። ሰባት ቀን ጋራው ላይ ጠበል ገባሁ። ስልክ ይዞ መግባት ነውር ስለሆነ ቤት ጥዬው ወጣሁ። በአራተኛው ቀን ራሴን ለቀቀኝ። በስድስተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ከነመስቀሉ ከሩቅ አየሁት፤ እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ። ሰባተኛው ቀን ወርጄ ቤቴ ገባሁ። የዚያኑ ዕለት ማታ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ላይቭ ገብቼ ድኛለሁ ብዬ መሰከርኩ። እልልታው፣ አበባው፣ የሰዉ ምርቃት፤ እኩለ ሌሊት ድረስ ስመልስ አመሸሁ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ተመልሶ መጣ።

«አየሽ፣ ቤትሽ ውስጥ ነው ያለው» አለች እትዬ ብርቄ። እኔ ቤቱን ጠበል አስረጨሁ። ጠበሉን አላማም፣ ከእግዚአብሔር ጋር ጠብ የለኝም። እትዬ ብርቄም ብትሆን አልተሳሳተችም፤ በእርግጥም ቤቴ ውስጥ ነበር ያለው፣ የስኳር ጣሳ ተደግፎ።

ከዚያ ደግሞ አንድ ጥፋት ጨመርኩ። መንገድ ዳር መነጽር የሚሸጥ ሰው አለ፤ ጋዜጣ ሰጥቶ አንድ በአንድ ያስሞክራል። ፊደሉን ከሁሉ አብልጦ ያገዘፈልኝን መርጬ ገዛሁ። እሱን አድርጌ ስልክ አያለሁ፣ እሱን አድርጌ እሄዳለሁ፣ አላወልቀውም። ሩቅ ያለው ነገር ጭራሽ ጠፋኝ።

ሸማኔ ሲሠራ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። የደምሴ ጉድጓድ ቤታችን መሐል ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ዞሬው አልፌያለሁ። በሰኔ አንድ ከሰዓት ምሳ ይዤለት ስመጣ እሱ ለጊዜው ተነሥቶ ነበር። ቀጥ ብዬ ገባሁበት። ሳህኑ ተሰበረ፣ የተወጠረው ድር ላይ ወጥ ፈሰሰ፣ ክርኔ ተላጠ።

ደምሴ ሮጦ መጥቶ እጄን ያዘኝ። «ጉድጓዱ ለሁለት አይበቃም ብዬሽ ነበር» አለ። እሱ እንዲህ ነው፣ ሲደነግጥ ይቀልዳል። እኔ ግን አልሳቅሁም። «አላየሁትም ደምሴ። ጉድጓዱን አላየሁትም። እንደ እማዬ መሆኔ ነው» አልኩት። ያኔ ቀልዱን ተወ። ወጥ የነካውን ድር እንኳ አላየውም። «ነገ ሆስፒታል ነው» አለ።

ሆስፒታሉ ገና ጎህ ሳይቀድ ወረፋ የሚያዝበት ነው። ቁጥር ተጽፎበት የተቀደደ ወረቀት ሰጡን። የዓይን ክፍሉ በር ላይ ያለው አግዳሚ ሞልቷል፤ እናቶች፣ ሽማግሌዎች፣ በሰው እጅ የተያዙ ወጣቶች። ሁሉም አንገቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው የሚቀመጠው፣ ስም ሲጠራ ለመስማት። እዚያ ስትቀመጡ ዓይን ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ ሽማግሌ ከአጠገቤ ነበሩ። እንባዬን ስጠርግ አዩኝና «ምነው ልጄ፣ እኔ እንኳን አንዱን ጋርደውብኝ በቀረው አንቺን እያየሁ ነው» አሉኝ። ቁጥራቸው ከኔ ይቀድም ነበር፤ ወረቀታቸውን ከኔው ጋር ቀየሩልኝ። «እኔ የምቸኩልበት የለኝም» አሉ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። በጸሎቴ «ያ ባለ ፋሻው ሰውዬ» እያልኩ ነው የማነሣቸው።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፣ የልጅ ፊት ያላት። ግድግዳው ላይ ያለውን ምልክት ወዴት እንደዞረ በእጄ አሳየኋት፤ ከሦስተኛው መስመር በታች አልወረድኩም። ዓይኔ ላይ እፍ የሚል መሣሪያ አደረገችብኝ። ጻፈች። ደግማ ለካችኝ። ደግማ ጻፈች።

«እናቴ፣ ስልክ በቀን ለስንት ሰዓት ያህል ይጠቀማሉ?»

«ለመደወል ብቻ ነው ዶክተር። እኔ እንኳን አልችልበትም» አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ውጭ ያሉት እናቶች ዓይናቸውን በእርጅና፣ በጭስ፣ በእሾህ ነው ያጡት። እኔ በድራማ ታመምኩ ልበል? የልጆች በሽታ መሰለኝ። በዚያ ላይ ደምሴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ደምሴም ሰምቶ ዝም አለ፤ ሚስቱን ሐኪም ፊት ማዋረድ አልፈለገም።

«በቤተሰብ ውስጥ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?»

«እናቴ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «በስንት ዓመታቸው?» ነገርኳት። ባልደረባዋን ጠርታ በእንግሊዝኛ አወራች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «የራስ ምታቱና ብዥታው አብረው መምጣታቸው አልገባኝም። ከዓይን ጀርባ ያለውን ማየት አለብን። የጭንቅላት ምርመራ፣ ስካን ያስነሡና ይምጡ» አለችኝ።

እሷ ጭንቅላት ስትል እኔ እጢ ሰማሁ። ስካኑን ያስነሣነው ለክረምት ሥራ ድር መግዣ ባስቀመጥነው ነው፤ ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ አልናገርም። ውጤቱ እስኪመጣ አምስት ቀን ፈጀ። ቀን ቀን ሥራ አለ። ማታ ግን ሁሉም ሲተኛ ጣሪያውን እያየሁ ዓይኔን እፈትነዋለሁ። ግራውን እጨፍናለሁ፣ ቀኙን እጨፍናለሁ፤ የአምፖሉ ገመድ ይታየኛል? ከዳሩ እየጨለመ ነው? ምንም ባይሆን እንኳን ሆኗል እላለሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ስልክ አየሁ። ከፍርሃቴ የሸሸሁት ወደሚያሳምመኝ ነገር ነበር።

ውጤቱን ለመቀበል ረድኤት አብራኝ ሄደች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ደምሴ የተበላሸውን ድር እንደገና እየዘረጋ ነበር።

ሐኪሟ ፎቶውን መብራት ላይ አድርጋ አየችው። «ጭንቅላትዎ ንጹሕ ነው» አለች። አልሰማሁም፣ ደግማ ነገረችኝ። ከዚያ ዓይኔ ላይ ቢጫ ጠብታ አድርጋ በመሣሪያዋ ረጅም ጊዜ አየች። «የዓይንዎ ፊት ደርቋል፣ ተጫጭሯል። እንዲህ ያለ ነገር የማየው ቀን ከሌሊት ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ላይ ነው። እርስዎ ደግሞ ስልክ አልጠቀምም ብለውኛል።»

«አዎ፣ ለመደወል ብቻ» አልኩ። አሁንም።

«ኧረ እማ» አለች ረድኤት።

ቆነጠጥኳት። እጇን ሰብስባ ስልኩን ከቦርሳዬ አወጣችና አንድ ቦታ ከፍታ ለሐኪሟ ሰጠቻት። ለካ ስልክ ራሱ ስንት ሰዓት እንዳየነው ይቆጥራል። እኔ ይኼንን አላውቅም ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት» አለች ሐኪሟ። «በሳምንት ነው?»

«በቀን ነው» አለች ልጄ። «አሥራ አንድ የሚገባበትም አለ።» ወደ ሐኪሟ ጠጋ አለች። «ዶክተር፣ እሷ እጇ ሲሠራ ዓይኗ ስልክ ላይ ነው። ጠበል የሄደች ጊዜ ስልኩ ቤት ነበር፣ ድና መጣች። እኔ አውቄዋለሁ፣ ግን ቻናሉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ዝም አልኩ።»

ያንን ስሰማ ወንበሩ ውስጥ ሰመጥኩ። ልጄ ሁለት ወር ሙሉ እናቴን አሳወርኳት እያለች ታስብ ነበር።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። «ይህን ቀድሜ ባውቅ ስካኑን አላዝዝም ነበር» ብቻ አለች። ከዚያ አስረዳችኝ። ሰው ስልክ ላይ ሲያፈጥ ዓይኑን ማርገብገብ ይረሳል፤ ሽፋኑ ሲከደን ነው እንባው ዓይኑን የሚያርሰው፤ ካልተከደነ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ብዥ ይላል። እንቅልፍ ማጣቱና አንገት ማቀርቀሩ ደግሞ ራስ ምታቱን ያመጣል። የመንገዱን መነጽር ተቀብላኝ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው፤ ለቅርብ ብቻ የማደርገው ሌላና ዓይን የሚያርስ ጠብታ አዘዘችልኝ።

«አሁን የምነግርዎት ግን ሌላ ነገር ነው» አለች። «የዓይንዎ ግፊት ትንሽ ከፍ ብሏል። ግላኮማ የሚባል አለ፤ ግፊቱ የዓይንን ነርቭ ከዳር ከዳሩ ይገድለዋል። ምናልባት እናትዎን የያዛቸው እሱ ይሆናል። ይህንን ስልክ አላመጣውም፣ ስልክ መተውም አያጠፋውም። አለብዎት አላልኩም፣ የለብዎትም አላልኩም። የደረቀው ዓይን በደንብ ካልዳነ ምርመራው አሳሳች ይሆናል። ክረምቱን ያሳርፉት፤ ኅዳር ላይ ይምጡ፣ ያኔ እውነቱን እናያለን።»

«ክረምቱን?» አልኳት። «ዶክተር፣ ክረምት እኮ ለኛ ሥራ ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል ስለሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያዘው በክረምት ነው።»

«እጅዎ ሳያይ ይሠራል አላለችም ልጅዎ? እንግዲያው ጨፍነው ይሥሩ» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደችም። «ዓይንዎን ሲከፍቱ ደግሞ ሩቅ ይዩ። ከደጅዎ የሚታይ ሩቅ ነገር አለ?»

«እንጦጦ አለ» አለች ረድኤት።

ሐምሌ ገባ፣ ትምህርት ተዘጋ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ደምሴ ስልኩን በነጠላ ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው። ላይቭ ቀረ። ትእዛዙን ረድኤት ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ታየዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። የሷም ስልክ እሱው ነው፤ የጓደኞቿ ወሬ፣ ሳቋ፣ ሙዚቃዋ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

«የታመምሽው አንቺ፣ የምቀጣው እኔ» አለችኝ።

«ቅጣት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ልቁጠር?»

ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። እኔም ከሷ አልተሻልኩም። ስልክ መተው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ እጄ ግን ባዶውን ጣሳ ይፈልጋል። ሳልቆጣ የዋልኩበት ቀን አልነበረም። ከፍርሃቴ ጋር ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ድራማው ይሸፍንልኝ የነበረውን ሁሉ አሁን እሰማዋለሁ።

አንድ ቀን ደምሴ ገበያ፣ ረድኤት ወፍጮ ቤት ሄደው ብቻዬን ቀረሁ። በርጩማ ላይ ቆሜ ስልኩን አወረድኩት። አንድ ክፍል ብቻ ብዬ አራት አየሁ። ነጠላውን መልሼ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ፤ ዓይኔን በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩ። ማታ ደምሴ ቁም ሣጥኑን ቀና ብሎ አየና «እኔ በሦስት ነበር ያጠፍኩት፤ አሁን በአራት ነው» አለ። ሸማኔ እጥፋቱን ያውቃል።  ረድኤት ግን ደም የመሰለ ዓይኔን አይታ ወጥታ ውጭ ዝናቡ ላይ ቆመች። ከዚያ ቀን በኋላ አልነካሁትም።

ጨፍኜ መቋጨት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ግድግዳውን ተደግፌ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ጨፍኜ ሳለ እትዬ ብርቄ ገባች፤ ደፉ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምነው እትዬ?»

«ምንም» አለች። ቆይታ «እናትሽን መሰልሽኝ» አለችኝ።

እጄ ቆመ። እማዬ ስትፈትል የምትቀመጥበት ቦታ ነበር፤ ግድግዳውም፣ የእግሬ አዘረጋግም የሷው ነው። ያን ቀን መልሼ መጨፈን አልቻልኩም። ማታ ለረድኤት ስለ አያቷ ነገርኳት፤ እስከዚያ ድረስ ምን እንደምፈራ በደንብ አታውቅም ነበር።  በማግስቱ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና የነጠላውን ሌላኛውን ጫፍ ወሰደች። «አሳዪኝ» አለች። ልጄ የሸማኔ ልጅ ሆና መቋጨት አትችልም ነበር። መጀመሪያ የቋጨችውን ደምሴ አይቶ «ይኼንን የገዛ ሰው ይከሰናል» አላት። ሳቅን። በስንት ጊዜያችን።

ፍልሰታ ሲገባ በራሷ ጊዜ «ጾሙን ስልክ አልነካም፤ ትእዛዙን አባዬ ይመልስ» አለች። «አሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ቃል አልገባም።» ደምሴ በአንድ ጣቱ እየጻፈ ለደንበኛ ሁሉ «እሺ» ብቻ ይመልስ ነበር። ደንበኛ ጠፋብን። የጠፋው ቢያሳዝነኝም እንቅልፌ መጣልኝ፤ በሁለት ሰዓት፣ በሦስት ሰዓት እተኛለሁ፣ ዝናቡ ራሱ ያስተኛል። ራስ ምታቱ በነሐሴ አጋማሽ ለቀቀኝ።

ብዥታው ግን ቆየ። ሐኪሟ እንዳዘዘችኝ ጠዋት ጠዋት ደጁ ላይ ቆሜ ጋራውን አያለሁ። ክረምት ነው፤ እንጦጦ በጉም ይሸፈናል። ነጭ ነው የሚታየኝ። ጉሙ ይሁን ዓይኔ በምን አውቃለሁ? ስለዚህ ረድኤትን እጠራታለሁ።

«ጉም ነው?»

«ጉም ነው እማ» ትለኛለች።

«አንድም ዛፍ አይታይሽም?»

«ምንም አይታይም።»

እፎይ ብዬ ጠብታዬን አድርጌ እገባለሁ። ሁለት ወር ሙሉ በዚያች መልስ ነው የኖርኩት።

ጳጉሜ ላይ አንድ ጠዋት ወጣሁ። ዝናቡ ሌሊት አባርቶ ነበር። ቀና ስል ባሕር ዛፎቹ ጫፉ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዱ ተጣሞ። አንድ በአንድ።  ረድኤት ሳልጠራት መጣችና እንደ ልማዷ «ጉም ነው እማ» አለችኝ።

ዞሬ አየኋት። «ረዲ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል።»

ፊቷ ተለወጠ። በእጇ አፏን ያዘች። «ይታይሻል?»

«ዛፎቹ ይታዩኛል። አንዱ ጠማማ ነው።»

እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ ነው የነገረችኝ። ጉም የነበረበት ቀን ብዙ ነው፤ ያልነበረበትም ቀን ነበር። ጋራው ወለል ብሎ እየታየ እኔ «ጉም ነው?» ስላት፣ ምን ትበል። «አዎ» ትለኝና ጓሮ ዞራ ታለቅሳለች። «ስንት ቀን?» አልኳት። «አትጠይቂኝ» አለችኝ።

እኔ ለሐኪሟ ዋሸሁ፣ ልጄ ለኔ ዋሸች። የኔ ለኀፍረቴ ነው፣ የሷ ለኔ ነው። ግን ሁለቱም አንድ ሰው ብቻውን ጨለማ ውስጥ እንዲቀመጥ ነው ያደረገው። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ታማሚ ካለ ይኼንን አስቡበት።

ድኛለሁ ብዬ አልመሰክርም፤ አንዴ መስክሬ አይቼዋለሁ። መቆርቆሩ የለም፣ ራሴም ደህና ነው። ስልኩን ረድኤት በቀን ሁለት ጊዜ ታየዋለች፤ ክረምቱ ቢወጣም ቁም ሣጥኑ ላይ ነው የሚያድረው፣ ነጠላው በሦስት ታጥፎ። ስለ ግፊቱ ግን የማውቀው ነገር የለም። ቀጠሮዬ ኅዳር ላይ ነው። አሁን ጥቅምት ነው። ማታ ማታ አሁንም አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ የአምፖሉን ገመድ እፈልጋለሁ። የቀጠሮው ቀን ረድኤት አብራኝ ትገባለች፤ ሐኪሟ ስትጠይቅ ማንም እንዳይዋሽ፣ ሐኪሟም የምትለውን ሁለታችንም እኩል እንድንሰማ ተስማምተናል።

ዛሬ ጠዋት ይኼንን ልጨርስ ስል ደጁን ከፍቼ አየሁ፤ ነጭ ነው።  «ረዲ፣ ጉም ነው?» አልኩ።

ከውስጥ ነጠላዋን እየደረበች መጣች፣ እጄን ያዘችኝ። «ነይ ወጥተን አብረን እንየው» አለች።

ቁልቁለቱን ትተን ዳገቱን ትንሽ ወጣን። ፊታችንን ቀዘቀዘን፣ ቅንድቧ ላይ ጠል ተቀመጠ። ጉም ነበር።